የምላስ ቀኖና

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ሰፈራችን ያለ እኔ ሽምግልና ሚስት ያገቡ ወንዶች ጥቂት ናቸው። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሃያ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ፤ ሃያ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» ተብዬ ተመልሻለሁ። አጥናፉ ምላሱ ጤፍ ይቆላል ይሉኛል። ሰካራሙን «ተጫዋች»፣ ሥራ ፈቱን «ነጋዴ ቢጤ»፣ ግልፍተኛውን «ለክብሩ ቀናዒ» እያልኩ ስንቱን ጎረምሳ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። ይህ ኃጢአት ነው ብዬም አስቤ አላውቅም። ሽምግልና ላይ የሚነገር ነገር ሥርዓት እንጂ ውሸት አይባልም ባይ ነበርኩ።

ይህንን እምነቴን ያበላሹብኝ የንስሐ አባቴ ቄስ ኢያቄም ናቸው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንደ ልማዴ ንስሐ ልገባ ሄድኩ። ዝርዝሬ የታወቀ ነው። ተቆጥቻለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ ረቡዕ ቀን ረስቼ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «ውሸትስ?» አሉኝ።

«ውሸት እንኳን... ያው ለሽምግልና ያህል።»

«በውሸትህ የተጎዳ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም አባ! ማን ይጎዳል? ሁሉም ተጋብተው ይኖራሉ።»

ዐይናቸውን ገለጡ። «እንግዲያው ቀኖናህ ይሄ ነው። አርባ ቀን ውሸት አትናገርም።»

ቀኖና ሲባል እኔ የማውቀው ስግደት ነው፣ ጾም ነው፣ ዳዊት መድገም ነው። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ቅጣት ነው? «አባ፣ በቀን አርባ ስግደት ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ዝም። «ስልሳ!» አሁንም ዝም። «ስልሳ ስግደትና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም!» በስድሳ ሰባት ዓመቴ፣ ወገቤ እንዲህ እያመመኝ፣ መቶ ድረስ ወጣሁ። እሳቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ጉልበትህማ ጌታን መከተል ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ወደ ኋላ የቀረው ምላስህ ነው። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ያለው ለመላእክት መሰለህ?»

ተናድጄ ወጣሁ። አንድ ቄስ ምእመኑ ልስገድ ሲለው እንዴት አትስገድ ይላል?

ሰው ስንት ጊዜ እንደሚዋሽ የሚያውቀው መዋሸት ሲከለከል ነው። በማግስቱ ጠዋት ኢዘዲን ደወለልኝ። ኢዘዲን አርባ ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሽምግልና ስሄድም ከጎኔ አይጠፋም። ስታዲየም ጋ ቀጥሬው ነበር።

«የት ደረስክ?» አለኝ።

በዚህ ከተማ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ነው፤ «እየደረስኩ ነው» ይባላል። ቤቱ ሆኖ ጫማውን የሚፈልግም፣ ከነጭራሹ የማይመጣም እንደዚያ ነው የሚለው።

«አልጋ ላይ ነኝ» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሞህ ነው?» አለኝ።

«ደህና ነኝ። ገና አልተነሳሁም።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ጤነኛ መሆኔን ላሳምነው ብዙ ደከምኩ።

ባለቤቴ ለምለም ግን ነገሩን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሠላሳ አምስት ዓመት ያጠራቀመችውን ጥያቄ ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። «ነፍሷን ይማርና ከእህትህ ሽሮና ከእኔ ሽሮ የቱ ይጣፍጥሃል?» አለችኝ። «የእህቴ» አልኳት። ሦስት ቀን ዳቦ በላሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዘዴ አገኘሁ። አስቸጋሪ ጥያቄ ሲመጣብኝ እስላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሳንባዬን ፈራልኝ።

በዚህ ዓይነት አሥራ ስምንት ቀን ገፋሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጦቢያ መጣ።

ጦቢያ የዚያችው የሟች እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግነው እኔና ለምለም ነን። ዛሬ ሠላሳ ሁለት ሞልቶታል፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሥራ አለው። ገብቶ እንኳ በቅጡ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ማለቴ... ሰምሃልን ላገባ ነው። እሁድ ሽማግሌ ይሂዱልኝ።»

«ሌላ ሰው ፈልግ። ቀኖና ላይ ነኝ። ካልሆነም ሃያ ቀን ጠብቅ።»

«አይቻልም! እሁድ እኮ ቅበላ ነው። ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል፣ አባቷ ደግሞ በጾም የሰርግ ወሬ አይሰሙም። በቃ፣ እርስዎ ካልሄዱ ማን አለኝ? አባት የለኝ።»

እንዲህ ሲለኝ አንጀቴ አይችልም፤ እሱም ያውቃል። እሺ አልኩት። የልጅቷ አባት ማን እንደሆኑ የጠየቅኩት እሺ ካልኩ በኋላ ነው። አቶ ደጋጋ ይባላሉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የገዛ ሚስታቸውን እንኳ በፈተናው ሦስት ጊዜ ጥለዋታል ይባላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የእሳቸው ኮስታራነት አልነበረም። አሁን ልናገረው። ለንስሐ አባቴ «ማንም አልተጎዳም» ያልኩት ራሱ ውሸት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዚሁ ለጦቢያ ካዛንቺስ ሄጄ የወይዘሮ ቢሊሴን ልጅ፣ ልደትን ጠይቄለታለሁ። በዋዜማው መጥቶ «ጋሼ፣ ልቤ አልቆረጠም» ብሎኝ ነበር። «ወንድ ሁሉ እንደዚህ ነው፣ ዝም በል» አልኩት። ቀጠሮ ማፍረስ፣ ስሜን ማጉደፍ አልፈለግኩም። በማግስቱ ወይዘሮ ቢሊሴ ዐይን ዐይኔን እያዩ «ለመሆኑ ልጁ ቆርጧል?» ሲሉኝ «እንደ ተራራ ጸንቷል!» አልኳቸው። ተራራው ሦስት ሳምንት ለሰርጉ ሲቀረው፣ የጥሪው ካርድ ከታደለ በኋላ ተነሥቶ ሄደ። እኔ እዚያ ቤት ዳግመኛ አልረገጥኩም። ወይዘሮ ቢሊሴን ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው በሌላው በር እወጣለሁ። ሃያ ሦስት «እሺ» ብዬ ስቆጥር ግን እሳቸውንም እቆጥራለሁ፤ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም ነበር።

እሁድ እኔ፣ ኢዘዲንና የዕድራችን ዳኛ ሆነን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣን። ደረጃው ላይ ኢዘዲን ክንዴን ያዘኝ።

«ስማ፣ የምናገረው እኔ ነኝ። አንተ ሳል ብቻ።»

ተስማማን። ቤት ገብተን በወጉ መሠረት ቆመን ቀረን። «ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ደጋጋ። «ቁም ነገር ይዘን ነው የመጣነው፤ ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም» አለ ኢዘዲን፤ ልጅዎን ለልጃችን ብሎም አሳምሮ ጠየቀ። አቶ ደጋጋ ግን እሱን አይተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሳዳጊው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አልኩና ሳልኩ።

«ያስልዎታል?»

«አያስለኝም።»

«ታዲያ ለምን ይስላሉ?»

«እንዳልናገር ነው።»

ኢዘዲን ዐይኑን ጨፈነ። አቶ ደጋጋ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። «ልጁ ከዚህ በፊት ሌላ ቤት ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?» አሉኝ።

ኢዘዲን እግሬን ረገጠኝ። ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገር አሰብኩ። አንድ ውሸት ብቻ ልዋሽና አርባውን ቀን እንደገና ልጀምር አልኩ። የጦቢያ ፊት መጣብኝ፤ በእናቱ ቀብር ቀን የኮቴን ጫፍ ይዞ የቆመው የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ። «የለም» ማለት እኮ ቀላል ነበር። ግን የውስጠኛው ክፍል በር ትንሽ ገርበብ ብሎ የልጅቷ ጥላ ወለሉ ላይ ይታየኛል። ልደትም ያኔ እንደዚህ በር ሥር ቆማ ነበር የሰማችኝ።

«ልኮ ያውቃል» አልኩ። «የተላክሁትም እኔ ነኝ።»

ጀመርኩት፣ ጨረስኩት። ዋዜማውን፣ ተራራውን፣ የታደለውን ካርድ፣ የምሸሽበትን በር ሳይቀር ነገርኳቸው። የዕድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ ራሳቸው ላይ ነበር።

«አሁንስ ልቡ ቆርጧል?» አሉኝ አቶ ደጋጋ።

«ቆርጫለሁ ብሎኛል። ልቡ ውስጥ ገብቼ ግን አላየሁም።»

«ያ አላህ» አለ ኢዘዲን።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ፈተንኩ» አሉ አቶ ደጋጋ። «የፓርኪንጉን ብረት ገጭቶ ገጨሁ ያለኝ ሰው አልገጠመኝም። ሁሉም ብረቱ ጠሞ ነው ይላሉ።» ከዚያ ጠየቁኝ። «ያችን ልጅ ይቅርታ ጠይቃችኋል?»

«አልጠየቅንም።»

«እንግዲያው ልጄን ልትጠይቁኝ አትችሉም። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ከዚያ ስትመለሱ እሺም እምቢም እላለሁ።»

ሳንቀመጥ ወጣን። ኢዘዲን አራቱንም ፎቅ እየተሳደበ ወረደ። «ሃያ ሦስት ለባዶ እየመራህ በገዛ ጎልህ ላይ ታገባለህ?» ይለኛል።

ጦቢያ ታች ካፌ ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «በቃ፣ አበላሹብኝ! የሷን ነገር ማን አንሡ አለዎት? እኔ እኮ ያኔ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።»

«መቼ?»

«በቴሌግራም።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ስልኩ ጠራ። ሰምሃል ነበረች። የምትለውን ባልሰማም የልጁ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። የልደትን ነገር ለእሷም አልነገራትም ኖሯል። ስልኩን ዘጋና ጠረጴዛውን እያየ «አብሬዎት እሄዳለሁ» አለኝ። አቶ ደጋጋ እሺ ያሉን ጾሙ ተፈትቶ በጥር ነው፤ በዚያ ቀን ግን ለጦቢያም ለእኔም ነገሩ ያበቃለት ነበር የመሰለን።

በዚያው ከሰዓት ካዛንቺስ ካልፈረሰው ወገን፣ የወይዘሮ ቢሊሴ በር ላይ ቆምን። እሳቸው ራሳቸው ከፈቱ። እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ጦቢያን አዩ።

«ደግሞ ማንን ልትጠይቁ መጣችሁ?»

ለሽምግልና የምናገረው መግቢያ አለኝ፤ አያት ቅድመ አያት አንሥቼ፣ መርቄ፣ አሞግሼ ነው የምጀምረው። ያን ቀን አንዱም አልመጣልኝም።

«ዋሽቼዎት ነበር» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ የበሩን እጀታ አልለቀቁም። ስጨርስ «እያወቅህ ነው ያልከኝ?» አሉኝ። ከእርስዎ ወደ አንተ አወረዱኝ፤ ተገቢ ነበር።

«እያወቅሁ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ምን አጥፍቼ ነው እያለች መስታወት ፊት ስትቆም ነው ያየኋት። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት።» ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ልደት!»

ልደት እጇ የልብስ ሳሙና አረፋ እንደያዘ ወጣች። ጦቢያን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው። ስንት ሰርግ ላይ የመረቀ አፌ ተንተባተበ።

«ልጄ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከመጠየቅሽ በፊት ልቡ እንዳልቆረጠ ነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ እናትሽን ዋሸሁ። ጥፋቱ የእሱና የኔ ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ ጦቢያ ከኋላዬ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ፊት ለፊት ሳልነግርሽ በመቅረቴ ይቅርታ።»

«ከመጀመሪያው ነው?» አለችኝ።

«ከመጀመሪያው።»

«እኔ እኮ... ማለቴ፣ አንድ ቀን አሳሳቅሽ ይጮሃል ብሎኝ ነበር። በሱ መስሎኝ መሳቅ ትቼ ነበር።»

ይሄኔ አለቀስኩ። ልደብቀውም አልሞከርኩም፤ ጎረምሳና ሽማግሌ በር ላይ ቆመን ስንነፋረቅ አላፊ አግዳሚው ያየናል። ልደት አየችን፣ አየችንና ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቀች። እውነትም ይጮሃል፤ ሁለት ቤት አልፎ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አያልቅሱ» አለችኝ ዐይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ደግመው ይንገሩኝ።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ጮክ ይበሉ። የያኔውን ካርድ ጎረቤቱ ሁሉ ነው ያነበበው።»

ጮክ አልኩ።