ታርጋ ላይ የተለጠፈው ታርጋ

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት የመኪና ምርመራው ግቢ ውስጥ የነበርነው አጎቴ፣ መርማሪዋና እኔ ነን። አጎቴ ሚኒባስ ያሽከረክራል፤ እኔ የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። አጎቴ እስከ ስድስት ሰዓት የምርመራውን ወረቀት ለትምህርት ቤቱ ካላስረከበ፣ ሰኞ የሚጀምረው የተማሪዎች ሰርቪስ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷል።

መርማሪዋ ፍሬኑን አየች፤ መብራቱን አየች፤ ጎማውን በእግሯ መታ መታ አደረገች። ሁሉም አለፈ። ከዚያ ከመኪናው ኋላ ሃያ እርምጃ ቆጥራ ቆመች። ደንቡ ነው፤ የታርጋው ቁጥር ከዚያ ርቀት መነበብ አለበት፤ ጭቃም ጌጥም ሊሸፍነው አይገባም።

“በደንብ ይነበባል” አለች።

አጎቴ ዞር ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። ደግማ አስገባች። “ጋሼ፣ መነበቡን ይነበባል፤ ግን እንዲህ ያለ ታርጋ የለም። አንድ ቁጥር ትርፍ አለው።”

ትርፉን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት የፊልም ሠራተኞች ሚኒባሱን ለአንድ ቀን ተከራይተውት ነበር። ፊልሙ ላይ የሚታየው ቁጥር የማንም እንዳይሆን ብለው በሌላ ቆርቆሮ ላይ እንዲህ አስጻፉኝ። ቀረጻው ሲያልቅ የፊልሙን ታርጋ ፈትተን ዕቃ ቤት ጣልነው። ሐሙስ ፊልሙ ወጣ። ሚኒባሱ የሚታየው ሌቦቹ ሲያመልጡ ነው፤ እሱም ከኋላው ብቻ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ። አጎቴ ግን በስልኩ እያስቆመ አሥራ አንድ ጊዜ አሳየን። ሰፈሩ “አክተሩ” ሲለው ጊዜ፣ ዓርብ ያንን ታርጋ አውጥቶ በእውነተኛው ላይ ለጠፈው። አንሣው ብዬ ሦስቴ ለመንኩት። “አንተ ልጅ ጥላህንም ትፈራለህ” አለኝ።

“እህቴ፣ ይቺ እኮ የፊልም ናት” አላት አሁን። “አላየሻትም? ሌቦቹ በሩን ድርግም አድርገው ሲዘጉ…”

“አላየሁም። እውነተኛው የታለ?”

“ከሥሯ።”

“እንግዲያው ያንሷታ!”

ብሎኑን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ብሎን የለም።

“በምንድን ነው ያያዝከው?” አልኩት።

“በማስቲሽ።”

“ዙሪያውን?”

“ሙሉውን ነዋ! መንገድ ላይ ትውደቅልኝ?”

ደሜ ፈላ። ግን ሰው ፊት መጮህ አልችልበትም፤ በመፍቻ ጫፍ ፈለቀቅሁት። ሲላቀቅ የእውነተኛው ታርጋ ቀለም አብሮ ተነሣ። ሦስት ቁጥሮች የፊልሙ ታርጋ ጀርባ ላይ ተገልብጠው ቀሩ፤ በቦታቸው የወጣው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

አጎቴ ቆርቆሮውን በእጁ ዳበሰው። “አንተ፣ ቀለምህን አልያዝክም? እዚሁ ጻፍልኝ።”

“በእጅ መጻፍ ክልክል ነው!” አልን እኔና መርማሪዋ እኩል።

“እሺ እህቴ፣ ሃያው እርምጃ ይቅር፤ ከአምስት እዪልኝ።”

“ጋሼ፣ በአፍንጫዬ ብነካውም አይነበብም።”

“ልጆቹ እኮ ሰኞ ይጠብቁኛል።”

“አውቃለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?”

ወረቀቱ ላይ “ታርጋው አይነበብም” ብላ ጻፈች። አዲሱ ታርጋ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። የዚያኑ ሰኞ ተማሪዎቹን ሌላ ሚኒባስ ወሰዳቸው።