የኡሙሰልማ ሃያ ሰባት ኩንታል

በ1974 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ቆቦ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍልን የሒሳብ ፈተና አርሜ ስጨርስ፣ ኡሙሰልማ ሸረፈዲን ያገኘችው ከመቶ አርባ ሁለት ነበር። ሌላውን ትምህርት ሁሉ አልፋለች። በሒሳብ ከሃምሳ በታች ያገኘ ግን ክፍሉን ይደግማል።

አባቷ ጋሽ ሸረፈዲን መስከረም ላይ ከበሩ አጠገብ ጠርተው የነገሩኝን አልረሳሁም። "መምህር፣ ሆርማት ወንዝ ሲሞላ ይህችን ልጅ በትከሻዬ የማሻግራት ከክፍል ክፍል እንድታልፍ ነው። ከደገመች ግን ወላሂ እቤት ትቀመጣለች። የሚታጨድ ማሽላ አለኝ፣ የሚጠበቅ ግመል አለኝ።" ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

ወረቀቷን መልሼ አወጣሁት። የገረመኝ ስህተቶቹ ያሉበት ቦታ ነው። ስለ ደብተር፣ ስለ እርሳስና ስለ አቡጀዲ ከሚጠይቁት የማባዛትና የማካፈል ጥያቄዎች አንዱንም አልሳተችም። እህል የገባበትን ግን ሁሉንም ስታለች። "አንድ የአምራቾች ማኅበር 240 ኩንታል ማሽላ አምርቶ ለ8 አባላቱ እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ስንት ኩንታል ይደርሰዋል?" ለሚለው መልሷ 27 ነው። ሠላሳ መሆን ነበረበት። ሳርም የኤክስ ምልክት አድርጌ አልፌዋለሁ፤ ሃያ ሰባት ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ኮሌጅ ደጋግመው የነገሩን ልጁ የሄደበትን መንገድ እንድንከተል ነበር። ስልሳ አራት ወረቀት በሁለት ቀን ሳርም ይህን ረስቼዋለሁ።

በማግስቱ ሰሌዳ ላይ አወጣኋት።

"ሃያ ሰባትን በስምንት አባዢና መልስሽን አረጋግጪ።"

ጠመኔውን ይዛ ወዲያው ሠራችው። "ሁለት መቶ አሥራ ስድስት።"

"ጥያቄው የሚለው ሁለት መቶ አርባ ነው። ሃያ አራቱ ኩንታል የት ገባ?"

ዞር ብላ አየችኝ። አለማወቄ ገርሟታል። "ዘካ ነዋ፣ ጋሼ! ከአሥር አንድ ለድሃ። ዘካው ሳይወጣ እህል ይከፈላል እንዴ?"

ከክፍሉ ግማሽ የሚሆኑት "እውነቷን ነው" በሚል ዓይን ያዩኝ ጀመር። እኔ ግን ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር።

"እሺ፣ መቶ ኩንታል በቆሎ በሞተር ፓምፕ አጠጥቶ ያመረተው ማኅበርስ? ለአምስት ሲካፈል አሥራ ዘጠኝ ብለሻል። ከአሥር አንድ ቢወጣለት አሥራ ስምንት ነበር።"

"እሱ ፓምፕ ነው፣ ጋሼ። ናፍጣ አለው፣ ልፋት አለው። ስለዚህ ከሃያ አንድ ነው። ማሽላ ግን የጎርፍ ነው፤ ጎርፉን የሚሰጠን አላህ ነው።"

የማሽላው ጥያቄ ስለ ጎርፍ አንድም ቃል አይልም። ግን እዚህ አገር ማሽላ ጎርፍ ካልተጠለፈለት በምን ይበቅላል? ልጅቷ ሌሎቹ በአንድ እርምጃ የሚሠሩትን በሦስት እርምጃ ሠርታ፣ አንዱንም ሳትሳሳት ወድቃለች።

ከኋላ ጋሹ የሚባለው ልጅ እጁን አወጣ። የዋጃ ቄስ ልጅ ነው፤ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል፤ ያገኘው ሠላሳ አምስት ነው። "ጋሼ፣ እኔም እኮ የወደቅሁት ዘካ አውጥቼ ነው!"

"አንተማ ሁሉንም አውጥተህ ለራስህ ምንም አላስቀረህ" አለችው ኡሙሰልማ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጋሹም አብሮ ሳቀ።

ማርኳን ዝም ብዬ ባስተካክል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን ፈተናው ልክ ያልሆነ መልስን ልክ አይለውም፤ ጋሹም ተማሪዬ ነው። ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ጋሽ አራጌ ሄጄ የሆነውን ነግሬ፣ የወደቁት ሰባት ልጆች አንድ ሳምንት ተምረው እንደገና እንዲፈተኑ ጠየቅኋቸው።

"ይሁኔ፣ ከአውራጃ ተቆጣጣሪ ቢመጣ የዘካን ነገር እንዴት ነው የምናስረዳው?" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ።

"የማስተምራቸው ዘካ አይደለም፣ ጋሽ አራጌ። ጥያቄ ማንበብ ነው።"

"ጥያቄዎቹን የማወጣው እኔ ነኝ" ብለው ፈቀዱ።

በዚያ ሳምንት ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ቁጥር ከመንካታችን በፊት ጥያቄውን እናነብ ነበር። የተሰጠውን በአንድ መስመር፣ የተጠየቀውን በሁለት መስመር ያሰምሩበታል። ያልተሰመረበት ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ጋሹ ማባዛቱንም ማካፈሉንም ይችላል፤ የሚቸግረው የትኛውን እንደሚሠራ መለየቱ ነው። ኡሙሰልማ ከጎኑ ተቀምጣ ታስረዳዋለች። "የአንዱን ነግረውህ የሁሉንም ከጠየቁህ ታባዛለህ። የሁሉንም ነግረውህ የአንዱን ከጠየቁህ ታካፍላለህ። ይህ ምኑ ይከብዳል፣ አንተ ግትር?"

እሷን ያስቸገራት ሌላ ነበር።

"ጋሼ፣ ጥያቄው ውስጥ ያለው ሰውዬ ዘካውን ካላወጣስ?"

"ቤትሽ የተማርሽው ልክ ነው። ግን ያውጣ አያውጣ ጥያቄው አልነገረሽም። ያልነገረሽን አትቀንሺለት።"

"ሲያጠፋ እያየሁ ዝም ልል ነው?" ብላ አጉረመረመች፤ ቢሆንም አሰመረችበት።

ረቡዕ ተፈተኑ። ሐሙስ ጋሽ አራጌ ወረቀቷን ይዘው መጡ። የመጨረሻው ጥያቄ 360 ኩንታል ማሽላ ለ9 ቤተሰብ ማካፈል ነበር። የተሰጠውንና የተጠየቀውን አስምራ፣ 40 ብላ መልሳ፣ በዘጠኝ አባዝታ አረጋግጣለች። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል አለ፦ "ዘካው ገና ካልወጣ 36 ኩንታል ይውጣ። ያኔ ለእያንዳንዱ 36 ይደርሰዋል።"

"እሷም ልክ ናት እኮ" አሉ ጋሽ አራጌ በጣታቸው እያሰሉ። "ግን ከታች ያለውን ምን ላድርገው?"

"የተጠየቀችውን መልሳለች። የቀረው ምክር ነው፤ ለምክር ማርክ አንሰጥም፣ አንቀንስምም።"

ሳቁና ፈረሙ። ኡሙሰልማ ሰባ ስምንት፣ ጋሹ ሃምሳ ሦስት አገኙ።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ጋሽ ሸረፈዲን ዱላቸውን ተደግፈው ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ካርዱን ተቀብለው ገለበጡት።

"ስንት ይላል፣ መምህር?"

"በሒሳብ ሰባ ስምንት። አልፋለች፤ ስድስተኛ ክፍል ትገባለች።"

"ከስንት?"

"ከመቶ።"

ቅንድባቸውን ሰቅለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ከመቶው አሥሩ ዘካ ይሁን። አሥራ ሁለቱስ የት ገባ?"

ኡሙሰልማ ካርዱን ከእጃቸው ወስዳ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

"ስድስተኛ ክፍል ስገባ አመጣዋለሁ፣ አባ" አለች። "ይልቅ እንሂድ፣ ሆርማት ሳይሞላ።"