ጉርሻ አይቆጠርም

ሲስተር ትዕግስት የባለቤቴን የደም ስኳር ለክታ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ አስካለማርያም፣ ምንድን ነው የሚያበሏቸው? ስኳራቸው ካለፈውም ጨምሯል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን።»

መርፌ ሲባል የገብረአማኑኤል ፊት አመድ መሰለ። ዕድሜውን ሙሉ የክር ማሽን ሲያሽከረክር የኖረ ወንድ፣ መርፌ ሲያይ ግን እንደ ሕፃን ነው። እኔን ደግሞ የልጅቷ ጥያቄ አንገበገበኝ። ምን ታበይዋለሽ ይባላል? እኔ እኮ ጎመኑን በጠብታ ዘይት፣ ምስሩን ያለ ቅቤ፣ የገብስ ቂንጬውን ጨው ቀንሼ፣ ለብቻው በትንሽ ሰሃን የማቀርብለት ሴት ነኝ። እንዳያምረው ብለን እኔና ልጆቹ ወጣችንን የምንበላው ጓዳ ገብተን ነው። ይህን ሁሉ ለፍቼ በደብረ ብርሃን ስሜ ሊጠፋ!

ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት። «ከሰሃንህ ሌላ ምን ትበላለህ?»

«ምንም። አንቺ የሰጠሽኝን ብቻ።»

«ማል!»

«አማኑኤል ምስክሬ ነው!»

አማኑኤልን ከጠራ ደግሞ አይዋሽም። ግራ ገባኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። በኛ አገር ብርድ ማን ቤት ውስጥ ይበላል? ሠራተኞቹ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተኮልኩለዋል። ከባሕር ዛፍ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ባሌ የምሳ ዕቃውን ገና ከመክፈቱ፣ የሥራ ባልደረባው ረሺድ ጎመኔን ጠቅልሎ ጎረሰ።

«እንደ እትዬ አስካል ጎመን የሚጣፍጥ የለም!» አለ። ከዚያ ሚስቱ ፈሂማ የሠራችለትን ጨጨብሳ፣ በቅቤና በማር የራሰውን፣ በእጁ ሙሉ አፍሶ «በሞቴ ጋሼ!» አለው።

ጎረሰ። ወልደኪዳን የሚባለው ደግሞ ቅቤ የጠጣ ሽሮውን ይዞ መጣ። እሱንም ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁሉም ደገሙት። የእኔን ምሳ እነሱ ጨረሱት።

ከዛፉ ጀርባ ወጣሁ። «አንተ ሰውዬ! ትናንት አልማልክልኝም?»

አፉ ሙሉ ነበር፤ እንደምንም ዋጠ። «ምን በላሁ? ጉርሻ እኮ ነው አስኩ! ጉርሻ አይቆጠርም!»

«አንተ ባትቆጥረው ደምህ ይቆጥረዋል!»

ረሺድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ እትዬ፣ ስኳር እንዳለበት አልነገረንም።»

ገብረአማኑኤል አቀረቀረ። «አውቃለሁ፣ ጥፋት ነው። ግን በሞቴ ያለኝን ሰው እንዴት እምቢ ልበል? ከታመምኩ ወዲህ ቤት ውስጥ ማን አጉርሶኝ ያውቃል? ጓዳ ሆናችሁ ስትስቁ እሰማለሁ። እኔ ሰሃኔን ታቅፌ ብቻዬን እንደ እንግዳ...»

ባዶውን የምሳ ዕቃ አንስቼ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሰውየው የራበው ቅቤ መስሎኝ ነበር።

ማታ ትንሿን ሰሃን መደርደሪያ ላይ ሰቀልኳትና ለሁላችን አንድ ትሪ አቀረብኩ። ጎመን፣ ምስር፣ ጥቂት እንጀራ። ልጆቹ «ይኸው ነው?» ብለው አጉረመረሙ። «ይኸው ነው! እናንተስ ደም የላችሁም?» አልኳቸው። ከጎመኑ ጠቅልዬ ባሌን «በሞቴ» አልኩት። እንባው መጣ፤ ሚጥሚጣው ነው አለ። ሚጥሚጣ አልነበረም።

ለረሺድም ጎመኑን ጨምሬ እልክ ጀመር፤ እሱም ጨጨብሳውን ለራሱ ትቶ ባሌን የሚያጎርሰው ከኔው ጎመን ሆነ።

ቀጠሯችን ደረሰ። ሲስተር ትዕግስት ጣቱን ስትወጋው ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ሊሰብረው ነበር። ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች።

«ወርዷል! መርፌው ይቅር። ምንድን ነው ያበሏቸው?»

መልሴን ካለፈው ቀጠሮ ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ ቀደመኝ።

«ጉርሻ!» አለ።