ከመሃሉ በቀር

ባዶው ክብ ከሳህኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዶክተር ብርነሽ የቤተ ሙከራውን በር እንደከፈተች አየችው።

ክቡ ራሱ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። ከእናቷ የቆጮ ጉድጓድ አፍ ባመጣችው አፈር ውስጥ ያገኘቻት ባክቴሪያ፣ ሳህን ላይ ስትዘራ በዙሪያዋ ያሉትን ጀርሞች ገድላ ባዶ ክብ ትሠራለች። ክቡ በሰፋ ቁጥር መድኃኒት የማግኘት ተስፋው ይሰፋል፤ ተመራማሪም ደስ ይለዋል። ይሄኛው ግን የሳህኑን መስታወት አልፎ ሰፋ። አንድ ዝንብ ገባበት። አልወጣም፤ ውስጡም የለም።

«እናቃጥለው» አለ ባልደረባዋ ሙራድ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ።

«ልጄስ?»

ልጇ ሀሴት እዚያው ግቢ ካለው ሆስፒታል ተኝታለች። የእግሯ ቁስል መድኃኒት ሁሉ እምቢ ብሎ፣ ሐኪሞቹ ብርነሽን ቀና ብለው ማየት ትተዋል።

«ክቡ መሃሉ ላይ ያለችውን ባክቴሪያ አልነካትም» አለች ብርነሽ።

ነገሩ ገባው። «ተይ፣ በአላህ!»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በረጅም ሽቦ ጫፍ ከመሃሉ ጥቂት ነካ አድርጋ ወሰደችና የልጇ ቁስል ላይ ቀባችው። የቀረውን ሙራድ አቃጠለው።

በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ቁስሉም ደረቀ። ብርነሽ በደስታ አለቀሰች። ጠያቂ ጎረፈ፤ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሳይል የሚቀር ጎረቤት የለምና፣ ወንበር እየሳቡ አልጋውን ከበቡት።

ከዚያ ራስጌ የነበረው አበባ ከነቅጠሉ ጠፋ። ማስቀመጫው ቀረ። ጠያቂዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ ሽማግሌ እንደገባባቸው ሁሉ «ኖር! ኖር!» እያሉ ብድግ ብለው ወደ ግድግዳው አፈገፈጉ። የገባ ሰው አልነበረም። ጫማቸውን እያዩ አንድ በአንድ ወጡ።

ብርነሽ ፈራች። የገዛ ልጇን መፍራቷ ደግሞ ከፍርሃቱ ባሰባት። እሷም ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሀሴት ከአልጋዋ ወርዳ በዳነ እግሯ ተከተለቻት።

«እዚያው ሁኚ፣ የኔ ዓለም።»

«ድኛለሁ እኮ። እቀፊኝ።»

«ቆይ... ትንሽ ቆይ።»

«ለምን ትሸሺኛለሽ?»

ብርነሽ ወደ ኋላ እየሄደች ሳለ ጀርባዋ ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን የተቆለፈ በር ነካ። ሀሴት እያለቀሰች ሮጠች። እናት ዓይኗን ጨፈነች፤ እናት ናትና ክንዷን ዘረጋች።

አንዲት ነርስ ብቅ ስትል ሀሴት በሩ ሥር ቆማ ባዶ ነጭ ጋዋን አቅፋ ነበር።

«እማዬ» ትላለች፣ «ጠበቅ አርጊኝ።»