ቅቤ የጠጣ ጠፍር

ሒሩት ጥፋቱን የሠራችው ለደግ ብላ ነው፤ ለክፋት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሳካላትም ነበር።

አባቷ አምባዬ ሲግናል አካባቢ አርባ ዓመት ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረው፣ ፀጉር ቤቱን ከዘጉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ከዕቃው ሁሉ ያስቀሩት አንድ ታጣፊ ምላጭና የሚሳልበትን የቆዳ ጠፍር ነው። ምላጩ ለልብ ወዳጃቸው ለቀጀላ ብቻ የተቀመጠ ነው፤ ከቀጀላ ፊት በቀር የማንንም ፊት ነክቶ አያውቅም።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ የሚኖሩት ቀጀላ ሚስታቸው አፀደ ከሞተች ስድስት ወር ሆኗቸዋል። በወጉ ቢሆን የሐዘን ጢማቸው በአርባው መነሳት ነበረበት። ልጆቻቸው ቢለምኗቸው፣ ጎረቤት ቢቆጣቸው፣ "ሐዘኔን የማወርደው በአምባዬ እጅ ነው" ብለው እምቢ አሉ። አምባዬ ደግሞ አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ወገቤን እያሉ ቀን ሲገፉ ከረሙ። በመጨረሻ ቀጀላ "ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ" ብለው ደወሉ።

ሒሩት ሐሙስ ከመገናኛ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ጠፍሩን ከተሰቀለበት አወረደችው። ድሮ አባቷ በየጠዋቱ በመዳፋቸው ያሹት ነበር፤ ሌላ ቅባት አያውቅም። አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ቆዳ ቅቤ ይወዳል" አለችና ለፀጉሯ ያስቀመጠችውን ቅቤ ጥግብ እስኪል ቀባችው።

ዓርብ ጠዋት አባቷ አዩት። ጠፍሩ ቅቤ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። ማበጠሪያቸው ሲነካ እንኳ ቤቱን የሚያናውጡ ሰው ናቸውና፣ ሒሩት አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች።

"ይሄ እንግዲህ ምላጭ አይስልም፣ ዝም ብሎ ያንሸራትታል" አሉ። "ምን ይደረግ! ለቀጀላ ደውዪና ጠፍሩ ተበላሽቷል በዪልኝ።"

"አባዬ፣ አልተቆጣኸኝም?"

"ለቆዳ ነው የምቆጣሽ?" አሉና ፈገግ አሉ። ቁርሳቸውንም ጥርግ አድርገው በሉ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ደግነታቸው አንጀቷን በላው። ስልኩን ትታ፣ ከሥራ አስፈቅዳ፣ ጠፍሩን ጠቅልላ ወደ ጫማ ሰፊው ዋቅጅራ ሮጠች።

"ቅቤ? ቆዳ ነው ወይስ ሙሽራ?" ብሎ ሳቀባት። ቢሆንም በቢላ ጀርባ ፋቀው፤ ወረቀት አልብሶ ለብ ባለ ካውያ ተጫነው፤ የጠመኔ ዱቄት ነስንሶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አቆየው። "ከእንግዲህ መዳፍ ብቻ" ብሎ ሰጣት። እንደ ድሮው ባይሆንም ምላጭ ይስላል።

አባቷ ሲያዩት ፈገግታቸው ጠፋ። "ዳነ?" አሉ፣ ሰው ሞተ በሚባልበት ድምፅ።

ጠፍሩን ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ ሒሩት አየች፤ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዛቸውን፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መተዋቸውን እርጅና ነው ብላ አልፋው ነበር። ጠፍሩም የደረቀው ለካ ፈርተው ስለሸሹት ነው። እሷ ደግሞ ያገኙትን አንድ ማምለጫ በጠመኔ አደረቀችባቸው። እንባዋ መጣ።

"አሁንም እደውልላቸዋለሁ አባዬ።"

"ተይው" አሉ። "የምዋሸው ሁሉ አልቆብኛል።"

ቅዳሜ ጠዋት ቀጀላ መጥተው የሳሎኑ መስታወት ፊት ተቀመጡ። ጢማቸው አንገታቸውን ሸፍኗል። አምባዬ ምላጩን ሳያነሱ ቆሙ።

"ቀጀላ፣ እጄ ከድቶኛል። ባቆስልህስ ብዬ ነው የሸሸሁህ።"

"አውቃለሁ እኮ! ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ውሃ ስታቀብለኝ ግማሹን ደረቴ ላይ አፈሰስከው።"

"ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ምን አስጠበቀህ? ፀጉር ቤቱ ሞልቶ!"

ቀጀላ በመስታወቱ ውስጥ አዩዋቸው። "አፀደን ቀብሬአለሁ። ሌላ ቤት ሄጄ ብላጭ አንተንም በቁምህ የቀበርኩህ ይመስለኛል። በል ና፣ ጉንጬን ላጨኝ።"

"አንገትህንስ?"

"አንገቴንማ ሒሩት በመቀስ! አበድኩ እንዴ?"

ሦስቱም ሳቁ። ሒሩት ረጅሙን ጢም በመቀስ ቀነሰችና የጠፍሩን ጫፍ ወጥራ ያዘች። አባቷ ቀስ እያሉ፣ ሁለት ጊዜም እየሳቱ፣ ምላጩን ሳሉ። ከዚያ አረፋ ወደተቀባው ጉንጭ አስጠጉት። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጀላ ከፎጣው ሥር እጃቸውን አወጡና የወዳጃቸውን የእጅ አንጓ ጥብቅ አድርገው ያዙ። ምላጩ ቀጥ አለ፤ መውረድም ጀመረ።

"ቀስ" አሉ ቀጀላ።

"ማን ነው ላጪው፣ አንተ ነህ እኔ?" አሉ አምባዬ።

የመጀመሪያው ጉንጭ ሲያልቅ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።