የተላጠው እንቁላል

ወይዘሮ እታለማሁ እህል ከቀመሱ አራት ቀን አልፏቸው ነበር። አንድ ጠዋት ልጃቸውን ኤዶምን ጠርተው፣ «የሐበሻ እንቁላል ባገኝ እበላ ነበር» አሏት። የሐበሻ የሚሉት ነጩን ነው። ቡናማው በእሳቸው ዘንድ የፈረንጅ ነው፣ ጣዕም የለሽ። ለንደን ውስጥ ነጩንም የምትጥለው የፈረንጅ ዶሮ መሆኗን ማን ይንገራቸው?

ቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስ ሞክራ ነበር። «ልዩነቱ የዶሮዋ ዘር ነው፣ ውስጡ አንድ ነው» አለች፤ ኤዶም ተረጎመች።

«እሷ ከየት ታውቀዋለች» አሉ እናቷ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

ኤዶም ሰፈራቸው ዊልስደን ውስጥ ስትዞር ያገኘችው ሁሉ ቡናማ ነው። ነጩን ፊንስበሪ ፓርክ ድረስ ሄዳ ከአንድ የቱርክ ሱቅ አመጣች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ትቀቅላለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እናቷ እያዩ ትልጥና ሚጥሚጣ ነካ አድርጋ ታጎርሳቸዋለች። ቅርፊቱን ሳያዩ አይጎርሱም። ሐኪሞቹ ከሳምንታት አያልፉም ብለዋል። ኤዶም ግን በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ቀን የምትጨምርላቸው ይመስላት ነበር።

ረቡዕ ነጩ አለቀ። ማታ ፊንስበሪ ፓርክ ብትሄድ ሱቁ ተዘግቷል። ሐሙስ ጠዋት ከሰፈር የገዛችውን ቡናማ ቀቅላ እዚያው ኩሽና ውስጥ ላጠችው፤ ቅርፊቱንም ቆሻሻው ሥር ደበቀችው።

«ዛሬ ምነው እዚያ ላጥሽው?»

«ባሱን ሚስ እንዳላደርግ ቸኩዬ ነው፣ እማዬ።»

«ነጩ ነው?»

«ነጩ ነው።»

ሙሉውን በሉ። እንደዚያን ቀን ጣፍጧቸው አያውቅም። «አየሽ የሐበሻን ነገር» አሉና እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። «እኔን እንዳልዋሸሽኝ፣ የወለድሻቸው አይዋሹሽ። በእርጅናሽ አጉራሽ አይንሳሽ።»

ብለውም አሜን እስክትል ጠበቁ። ኤዶም ባዶውን ሳህን ራስጌያቸው አስቀመጠች። እውነቱን ብትናገር ከእንግዲህ አይበሉላትም። አሜን ብትል በገዛ ራሷ ላይ መፍረድ መሰላት።

«አሜን በይ እንጂ።»

«ረፈደብኝ፣ እማዬ። ማታ እላለሁ» ብላ ወጣች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኤዶም ዌምብሊ ሥራ ቦታዋ ሳለች፣ ነርሷ ደወለችላት። ቤት ስትደርስ ባዶው ሳህን አሁንም ራስጌያቸው ነበር። ተንበርክካ የእናቷን እጅ አንስታ አናቷ ላይ ጫነችው፤ በረዶ ሆኗል።

አሜን አለች። ደገመችው። የሚጠብቃት ግን አልነበረም።