ጭብጨባው ለማን ነበር

«እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ሜትሩ ይለፍ» አለ ለኪው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የብረት ሜትሩን በአልጋው ሥር እየላከ።

አሮጊቷ እግራቸውን መሰብሰብ አልቻሉም። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን እያጠበችው ነበር።

«የኔ እግርማ ተይዟል ልጄ። አንተ ሜትርህን ሰብስብ» አሉት።

የልጃቸው ባል ከራስጌያቸው ቆሞ ትከሻቸውን ደግፏል። ሶፋ ሠሪ ነው፤ የሚለካ ነገር ሲያይ ዓይኑ ቁጥሩን ሳያነብ አያልፍም። ሰውዬው ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ተመለከተና ደስ ብሎት «ወንድሜ፣ ሌላ አልጋ ሊጨመር ነው?» አለው።

«ኧረ ጠረጴዛ ነው። ቢሮ ሊሆን ነው እኮ። ጤና ጣቢያው ከትልቁ መንገድ ማዶ፣ መናኸሪያው ጀርባ ይዛወራል። አልሰማችሁም እንዴ?»

«ሰምተዋል እንጂ» አለች ነርሷ ቀና ሳትል። «ሰምተው አጨብጭበዋል።»

«ማነው ያጨበጨበው?» አሉ አሮጊቷ፣ ከነርሷ ወደ ለኪው እያዩ።

ነርሷ መለሰችላቸው፤ የነዋሪው ስብሰባ ነው፣ ባለፈው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሶፋ ሠሪው ነገረችው። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ቀጠሮ ካለፈው ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ መጀመሪያ ጣት ይወስዳል፣ ቀጥሎ እግር። «እስከ ማዶ ድረስ ማመላለስ ትችላላችሁ?» ስትለው ሶፋ ሠሪው ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ምክንያቱም መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ፣ እጁ ላይ ያለው ማጣበቂያ እንኳ ሳይለቅ ነበር ወደ አዳራሹ የገባው። ከኋላ ተቀመጠ። መድረኩ ላይ ከአስተዳደሩ የመጣች ወጣት ባለሙያ ቆማ «የአገልግሎት ማዕከላትን መልሶ ማደራጀት» ስለሚባል ነገር ታስረዳለች። ወረቀቱን ከፊቷ ሳታወርድ ነው የምታነበው። ቃላቱ እሱ ዘንድ ሲደርሱ ግማሹ ቀርቶ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ጋር የሚገናኝ ነገር መኖሩን ልብ አላለም። ልጅቷ ጨረሰችና ወዴት እንደምታይ ጠፍቷት ቆመች። አዳራሹ ጭጭ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር የሶፋ ሠሪው ሆድ አይችለውም። አጨበጨበ። እሱ ሲጀምር ጎኑ ያለው ቀጠለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። በዚያ ሰፈር ሰው ሲያጨበጭብ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነው። ልጅቷ ፊቷ በራና ጎንበስ ብላ አመሰገነች፤ እሱም አንድ በጎ ነገር የሠራ መስሎት ቀለል ብሎት ቤቱ ገባ።

አሁን አሮጊቷን ደግፎ ሲመለስ መንገዱ ረዘመበት። እንደ ልማዳቸው ሱቁ ደረጃ ላይ አንዴ አረፉ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደግሞ አንዴ። የአሮጊቷ እግር የሚችለው ይህችኑ ነው። ትልቁ መንገድ ላይ ግን ማረፊያ የለም፤ መኪናውም ለሰው አይቆምም።

«ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አሉት። «እኔ ሳልሞት አንተ ሐዘን ጀመርክ?»

«ኧረ እማማ፣ እንዲህ አይበሉ።»

የሚሠሩት ቤታቸው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። እንጨቱንና ስፕሪንጉን እሱ፣ ልብሱን ሚስቱ። ሲገባ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷን አስቀመጠና ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ያጨበጨብኩት። ጤና ጣቢያው ሊነሣ ነው። ተጨብጭቦ ጸድቋል። የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

ፔዳሉን አቆመች። «ለምን?»

«ልጅቷ አሳዘነችኝ።»

«ልጅቷ አሳዘነችህ!» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ልጅቷ ስላሳዘነችህ እናቴን አስፋልት ልታሻግራት! እዚያ የተቀመጠችውን አሮጊትስ ማን ይዘንላት?»

«አሮጊት ማለትሽ እኔን ነው?» አሉ እናቷ።

ሶፋ ሠሪው አንገቱን ደፋ። ሚስቱ አየችው። ይህን ሰው ታውቀዋለች። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው ከደንበኛው ጋር ሆኖ የሚከራከር ሰው ነው። ተቆጥታ እንደተነሣች ሳቋ አመለጣት።

«ና እስቲ እጅህን አምጣ። ከዚህ ጨርቅ ጋር አብሬ ልስፋው።»

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት መጣ። ሶፋ የሚሠራበት ቤት ሰው ሳይቀመጥ አያልፍም፤ ልብስ ባልለበሰ ሶፋ ላይ ባለሱቁና ጡረተኛው መምህር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወሬው ተሰምቷል።

«እነሱ መቼ ሰው ይሰማሉ!» አለ ባለሱቁ። «ወስነው ጨርሰው ነው የሚጠሩን። ስብሰባው ለይስሙላ ነው። ይህች አገር እኮ . . .»

«አንተ አላጨበጨብክም?» አለችው የሶፋ ሠሪው ሚስት።

«እንዴ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ድርቅ ብዬ ልቀመጥ? ምን ይሉኛል?»

«እርስዎስ ጋሼ?»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔማ . . . ለሥርዓቱ ያህል ነው።»

«ታዲያ ምናቸውን ነው የምናማው?»

በማግሥቱ እሷና መምህሩ ወደ አስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። አስተዳዳሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር የተቀበላቸው። ሲያዳምጣቸው ቆየና ከልቡ ተገርሞ «ሕዝቡ በጭብጨባ ነው እኮ ያጸደቀው» አለ። «ሠራተኞቼ ተጨናንቀው በየኮሪደሩ ነው የሚሠሩት። አንድ ሰው እንኳ ቅር ቢለው ያን ዕለት ለምን አልተናገረም?» ሰውዬው ቢዋሽ ኖሮ በቀለላት። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ሲወጡ ግን አስተዳዳሪው እሑድ የቢሮው ንድፍ ለነዋሪው እንደሚቀርብ ነገራቸው፤ መምጣት ይችላሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን ስትጨርስ በየቤቱ ዞረች። ለሰልፍ አልጠራች፣ ፊርማ አልሰበሰበች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እሑድ ኑ፤ አታጨብጭቡ።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሌላው ሰው ካጨበጨበስ?»

«ሌላውም አያጨበጭብም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከባሌ በቀር እርግጠኛ ነኝ።»

ሰው ይስቅና እሺ ይላል። አንዳንዱ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ እያነጋገራት፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ዝም ማለትም ለካ ድፍረት ይጠይቃል።

እሑድ ጠዋት ሶፋ ሠሪው ሲጸልይ ብርታት አልለመነም። «ጌታዬ፣ እባክህ ሌላ ተናጋሪ ላክልን» ብቻ ነበር ያለው። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ መጋረጃው ሲገለጥ፣ መድረኩ ላይ ያችው ልጅ ቆማለች። በልቡ «ፈቃድህ ይሁን» አለና ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ወሸቀ።

ልጅቷ ከባለፈው በጣም ተሻሽላለች። ንድፉን ግድግዳው ላይ እያሳየች ረጋ ብላ አስረዳች። ነርሷ ቁስል የምታጥብበት ክፍል «መዝገብ ቤት» ተብሏል። ጨረሰች። «አመሰግናለሁ» አለች።

ማንም አላጨበጨበም።

አንድ ሰው ሳለ። ወንበር ተንቋቋ። ውጭ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ገባ። ልጅቷ ወረቀቷን አስተካከለች፤ እንደገና አስተካከለች። ሚስቱ በዓይኗ ጠርዝ ባሏን እየጠበቀች ነው። እማማ ከመተላለፊያው ዳር ተቀምጠው እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተዋል። ከፊት ረድፍ አስተዳዳሪው ግራ ተጋብቶ ዞሮ አየና ራሱ ማጨብጨብ ጀመረ። የሱን ሲሰሙ ከዳር ከዳር ያሉ ጥቂት እጆች በልማድ ተከተሉት። ባለሱቁ እጁን አነሣና መምህሩ እጅጌውን ሳብ ሲያደርጉት አወረደው።

ያን ጊዜ ሶፋ ሠሪው ብድግ አለ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ» አለ ለልጅቷ፣ «ጥሩ አድርገሽ ነው ያስረዳሽን። ባለፈውም ጥሩ ነበርሽ። እንደው ብቻሽን ስትቆሚ አሳዘንሽኝና አጨበጨብኩ። ግን ለአንቺ ነው ያጨበጨብኩት እንጂ ለነገሩ አይደለም። ነገሩንማ አልሰማሁትም። ዛሬ ሰማሁት፤ አልስማማም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ተቀመጠ። እጁን መልሶ ጭኑ ሥር ወሸቀ።

«እኔ ደግሞ እሱ ስላጨበጨበ ነው ያጨበጨብኩት!» አለ አንድ ሰው ከግራ በኩል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ ኋላ ሰው እየተነሣ መናገር ጀመረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተነሥታ ማዶ ድረስ እንዴት ልሂድ አለች። አንድ ሹፌር ያ መንገድ ላይ ስንት ሰው ሲገጭ እንዳየ ተናገረ። እማማ መነሣት ስላልቻሉ ተቀምጠው ነው የተናገሩት።

«እኔ አላጨበጨብኩም፤ አልመጣሁምም ነበር። አሁን ግን ልናገር። ማዶ የምሻገረው ሰው ተሸክሞኝ ነው። የተሸከመኝ ሰው ደግሞ አንዴ ከተሸከመኝ አይቀር ብሎ ሌላ ቦታ እንዳያደርሰኝ እፈራለሁ።»

ልጅቷም ሳቀች። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ አስተዳዳሪው ዞረች። «እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ሲጨበጨብ ደንግጬ ነበር። ጥያቄ ነበር የጠበቅኩት» አለች።

አስተዳዳሪው ቆመ። በጭብጨባ ሳይሆን እጅ በማውጣት ይወሰን አለ። ዝውውሩን የሚደግፍ ሲባል ጥቂት እጅ ወጣ። የሚቃወም ሲባል መቁጠር ጀመረና ተወው።

«እሺ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ጤና ጣቢያው ባለበት ይቆያል። የቢሮ ችግራችን ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ አብራችሁን ፍቱት። ከእንግዲህ የሰፈሩ ጉዳይ ያለ ነዋሪ ተወካይ አይወሰንም። ድምፅ ይኖረዋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እንሰበሰባለን። አሁኑኑ ሰው ምረጡ።»

አዳራሹ እንደገና ጸጥ አለ። ይህኛው ሌላ ዓይነት ጸጥታ ነበር። ሰው ሁሉ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ጀመር።

«ሱቄን ለማን ትቼ!» አለ ባለሱቁ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«የኔ ጆሮ እንደ ድሮው አይደለም» አሉ መምህሩ።

«ሶፋ ሠሪው ይሁን!» አለ ባለሱቁ ድንገት። «አነጋገሩን አላያችሁም?»

«እውነት ነው! ሶፋ ሠሪው ይሁን! ይሁን!» አለ አዳራሹ። እጆች ከየቦታው ለጭብጨባ ተነሡ።

«ኧረ ቆዩ!» አለ ሶፋ ሠሪው። በሕይወቱ በሰው ፊት እንቢ ብሎ አያውቅም፤ ቃሉ ከጉሮሮው እንደ አጥንት ነው የወጣው። «እኔ አልሆንም። እንቢ። እኔ እዚያ ብገባ በሁለተኛው ማክሰኞ ጤና ጣቢያውን ከነነርሷ አስረክቤያቸው ነው የምመጣው። አሳምሮ የሚያስረዳኝ ሰው ያሳዝነኛል።» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «የምትሆነው እሷ ናት።»

ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። «ምን እያልክ ነው? ደንበኛ ሁሉ የሚጠብቀው የኔን ስፌት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማን ሊቀመጥበት?»

«እኔ።»

«አንተ? አንተ ስትሰፋ እኮ ክሩ መንገድ የጠፋበት ነው የሚመስለው።»

«ጠማማ ይሆናል» አለ። «ረቡዕ ረቡዕ ታፈርሺዋለሽ።»

ክንዱን ለቀቀችው። ቀኑን ሙሉ ስትሸሸው የነበረው ነገር ፊቷ ላይ ወጣ፤ ፈርታለች። በየቤቱ ዞራ ሰውን ሁሉ ያደፋፈረችው ሴት ፈርታለች። እማማ ጎንበስ ብለው «ሂጂ እንጂ» አሏት ቀስ ብለው።

«የምትቃወሟት አላችሁ?» አለ አስተዳዳሪው። እጅ አልወጣም። «የምትደግፏት?»

አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ፊት ለፊት፣ ከአስተዳዳሪው ጎን ያለው የተወካይ ወንበር ባዶውን ይጠብቃታል። ሶፋ ሠሪው ማክሰኞ የሚያበላሸውን ጨርቅ፣ የሚነጫነጩትን ደንበኞች፣ ጣቱን የሚወጋውን መርፌ ሁሉ አሰበ። ከዚያ ጉልበቱን ወደ ጎን ዞር አድርጎ ማለፊያ ሰጣት።